ጠላ በቤት ሲጠመቅ፦ ቀላሉ መንገድ ወይስ የእናቶች አሠራር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጠላ በቤታቸው ለመጥመቅ የተነሡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት ከአንድ ጭንቀት ነው፤ እናቴ ስታደርግ ያየሁትን ሁሉ ካላደረግሁ የጠመቅሁት ጠላ ይባላል ወይ የሚል። የእኔ መልስ አንድ ነው። ከባህላዊው አሠራር ብዙ ነገር መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚቀንሱት ነገር ምን ይሠራ እንደነበር አስቀድመው ይወቁ።

ቀላሉና ባህላዊው አሠራር የሚለያዩት በምንድን ነው?

በእህሉ አይለያዩም። ሁለቱም ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ ይሠራሉ፤ ስኳርም ሆነ ከፋብሪካ የወጣ የብቅል ጭማቂ አይገባባቸውም። የሚለያዩት በደረጃው ብዛት፣ በዕቃውና በሚወስዱት ጊዜ ነው። ባህላዊው የሚጀምረው ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጎ አጥቦ በወይራ ጭስ ከማጠን ነው። ከዚያ ጥንስስ ይጠነሰሳል፣ ቂጣ ተጋግሮ ይገባል፣ እንኩሮ ይታመሳል፣ ድፍድፉ፣ ማለትም የእህሉና የጥንስሱ ወፍራም ድብልቅ፣ ይደፈደፋል፣ በመጨረሻም ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል። ቀላሉ አሠራር ቂጣውንና እንኩሮውን አንድ ላይ ያደርጋቸዋል፤ በጋኑ ፈንታ ባልዲ፣ በጭቃው ፈንታ ቀጭን ቱቦ ይጠቀማል፤ 12 ቀን ገደማ ሲሆነው ይጠጣል።

ባህላዊው ስል ግን አንድ ወጥ አሠራር አለ ማለቴ አይደለም። ገብስ በሚበዛበት ደጋ ጠላው የገብስ ነው፤ በጎጃም የዳጉሳ ጠላ ስም አለው፤ በቆላው ማሽላ ይገባል፤ በቆሎና ስንዴ የሚቀላቅልም አለ። የደረጃው ስምና ቅደም ተከተል እንኳ ከመንደር መንደር ይለያያል። ስለዚህ ጎረቤትዎ «እንዲህ አይደረግም» ሲሉዎት፣ በእሳቸው አገር አይደረግም ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

ባህላዊው አሠራር ይህን ሁሉ ደረጃ ለምን አስፈለገው?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ መልሱን የያዘ ሰው የፈለገውን መንገድ መርጦ መጥመቅ ይችላልና።

ጠላውን የሚያፈላው እርሾ ዱቄት አይበላም፤ የሚበላው ስኳር ነው። በገብሱ ውስጥ የታጨቀው ግን ስታርች ነው። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆራርጡት አሚሌዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ እነሱም እህሉ ሲበቅል በብቅሉ ውስጥ ይበዛሉ። ችግሩ ጥሬ ስታርች ድርቅ ብሎ የታሸገ መሆኑ ነው፤ ኢንዛይሙ በቀላሉ አይደፍረውም። በውሃ ረጥቦ በእሳት ሲበስል ግን ያብጣል፣ ይላላል፣ ይከፈታል። ቂጣው የሚጋገረው ለዚህ ነው! የቢራ ጠማቂዎች ብቅሉን በብረት ጋን ውስጥ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው የሚያገኙትን ውጤት እናቶቻችን ምጣድ ላይ ጀምረው ጋን ውስጥ ይጨርሱታል። በጋኑ ውስጥ የተለየ ሙቀት ስለሌለ የብቅሉ ኢንዛይም ስታርቹን ቀስ እያለ ይቆርጣል፤ እርሾው ደግሞ የተቆረጠውን ወዲያው እየተቀበለ ይበላል። ሁለቱ ሥራ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ነው ጠላ ቀናት የሚፈልገው።

እህሉ በአንድ ጊዜ የማይገባውም በምክንያት ነው። ጥንስሱ ጥቂት ብቅል፣ ጌሾና ውሃ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ግድግዳ የመጣው እርሾ ተራብቶ ይጠነክራል፤ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችም ውሃውን ለስለስ ባለ ኮምጣጣነት ይሞሉትና ለሌላ ተሕዋስ የማይመች ያደርጉታል። ቂጣውና ድፍድፉ ሲመጡ የሚቀበላቸው የነቃ ጥንስስ ነው። ሁሉንም እህል በመጀመሪያው ቀን ቢዘረግፉት ግን ያ ሁሉ ምግብ ጥቂት ለሆነው እርሾ ይበዛበታል፤ ሌላው ተሕዋስ ይቀድመዋል።

ጌሾ መራራነት ይሰጣል፣ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችንም ይገታል። እንኩሮው፣ ማለትም በውሃ ረጠብ ተደርጎ ምጣድ ላይ እየታመሰ የጠቆረው ዱቄት፣ ለጠላው መልክና የተቆላ እህል ጠረን ይሰጠዋል። ግራዋው ጋኑን ያጸዳል፤ የወይራው ጭስ ጣዕም እየሰጠ በሸክላው ቀዳዳ የተደበቀውንም ተሕዋስ ያዳክማል። ጭቃው አየር ይከለክላል፤ ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማይቀነሱት አራት ናቸው ብዬ አምናለሁ፦ በደንብ የበቀለ ብቅል፣ የበሰለ እህል፣ ጌሾ፣ ከአየር መከለል። ጭሱ፣ የእንኩሮው ጥቁረት፣ የጋኑ ሸክላነት፣ የደረጃው ብዛት የጣዕም ጉዳዮች ናቸው። ጣዕም ትልቅ ነገር ነው፤ ቢሆንም በኋላ ሊመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ለሚጠምቅ ሰው የትኛውን ይመክራሉ?

ቀላሉን፣ ያውም በ10 ሊትር። ባህላዊውን በ10 ሊትር መሞከር ድካሙ ብዙ፣ የሚገኘው ጠላ ጥቂት ይሆናል፤ በትልቅ ጋን መጀመር ደግሞ ከተበላሸ ብዙ እህል ያስደፋል። በትንሹ ሦስት አራት ጊዜ የጠመቀ ሰው የሚፈላ ጥንስስ ሽታን፣ የድፍድፉን ድምፅ፣ ለመጠጣት የደረሰውን ጠላ መልክ በራሱ አፍንጫና ዓይን ይለያል።

ከዚህ ምክር የማወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉና ጠላ ከጠመቁ፣ ቀላሉን ይተዉትና ከአጠገባቸው ይቁሙ። የእነሱ ልክ በጽሑፍ የለም፤ በእፍኛቸው፣ በአፍንጫቸውና በጆሯቸው ነው ያለው። እናቴ ድፍድፉን ከከደነች በኋላ ማታ ማታ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ታዳምጥ ነበር። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ ሳዳምጥ ከውስጥ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚወርድ ካፊያ የመሰለ ድምፅ እሰማለሁ። «ገና ነው፤ እያወራ ነው» ትላለች። ድምፁ ሲሳሳ ውሃ የምትሞላበትን ቀን ትቆርጣለች። ሰዓትም ቴርሞሜትርም አልነበራትም፤ በእኔ ዕድሜ ጠላዋ ሲበላሽ አንድ ቀን አላየሁም። ያንን ከምንም መጽሐፍ አያገኙትም፤ ስለዚህ በጊዜው ይያዙት፣ እፍኛቸውንም በሚዛን እየለኩ ይጻፉት።

ቀላሉን አሠራር በልክ በልኩ ይንገሩኝ።

ለ10 ሊትር ገደማ እኔ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል 150 ግራም፣ የተፈጨ ብቅል 600 ግራም፣ ያልተበጠረ የገብስ ዱቄት 2 ኪሎ። ዕቃው ቢያንስ 15 ሊትር የሚይዝ፣ ለምግብ የተሠራ ክዳን ያለው ባልዲ ይሁን፤ አረፋው ሲነሣ ቦታ ይፈልጋል።

ውሃውን አፍልተው ያቀዝቅዙት። በተለይ የቧንቧ ውሃው ክሎሪን የሚሸት ከሆነ ይህን አይዝለሉት፤ ክሎሪን ከጌሾውና ከእህሉ ጋር ሲገናኝ ጠላው የመድኃኒት ጠረን ያመጣል። በ3 ሊትር ውሃ ላይ ጌሾውን ሁሉና 200 ግራም ብቅል ጨምረው ያማስሉ፣ ይክደኑ። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ጌሾው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጥቃቅን አረፋ ይታያል፣ ሽታውም ሣር ሣር ከማለት ወደ ኮምጠጥ ያለ ይለወጣል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ይጨምሩለት። አረፋ ሳያዩ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

ጥንስሱ በነቃበት ቀን ዱቄቱን በውሃ ለውሰው ወፈር ያለ ቂጣ ይጋግሩ፤ መሐሉ ጥሬ እንዳይቀር በሁለቱም በኩል ይገልብጡት። ከዚያ ይቆራርሱትና ግማሹን ምጣዱ ላይ ወይም ምድጃ ውስጥ መልሰው ቡናማ መልክ እስኪይዝ ያድርቁት። እንኩሮውን የሚተካው ይህ ግማሽ ነው። ከሰል እስኪሆን ከጠቆረ ጠላው አመድ አመድ ይላል፤ ከመጥቆሩ በፊት ያውጡት። ሁሉም ፍጹም ሲቀዘቅዝ ከቀረው 400 ግራም ብቅልና ከ3 ሊትር ውሃ ጋር ጥንስሱ ላይ ይጨምሩ፤ ትኩስ ቂጣ ካስገቡ እርሾውን ይገድሉታል። በቀን አንድ ጊዜ በንጹሕ ማማሰያ እያማሰሉ ሦስት ወይም አራት ቀን ያቆዩት። ድፍድፉ ገንፎ መስሎ ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ሲላላ ያዩታል፤ ያ ብቅሉ ሥራውን መጀመሩ ነው።

ከዚያ ወደ 6 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ይሙሉበት፣ ክዳኑን ግጥም አድርገው ይዝጉት፣ በክዳኑ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሌላውን ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስም። ቱቦው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይመስልም፤ ግን ጋንም በጠጠር ይደገፋል። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሳይነኩት ያቆዩትና እህሉ ሲዘቅጥ ላይ ላዩን ቀድተው በንጹሕ ሻሽ ያጥልሉት። እህሉ ጥቂት ውሃ ይዞ ስለሚቀር 9 ሊትር ገደማ ካገኙ ልክ ነው።

ብቅሉን ራሴ ላብቅል ወይስ ልግዛ?

የታመነ ባለ ብቅል ካለ መግዛት ነውር የለበትም። ግን አንድ ጊዜ ራስዎ ቢያበቅሉ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ዓይን ያገኛሉ። ያልተፈተገ ገብስ ለቅመው አጥበው ለአንድ ቀን ይዘፍዝፉት፣ ውሃውን ያጥልሉ፣ በኮባ ቅጠል ወይም በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። በየቀኑ ገልበጥ አድርገው እንዳይደርቅ ውሃ ያርከፍክፉለት። በሦስት ወይም በአራት ቀን ነጫጭ ሥሮች ተጠላልፈው ያገኟቸዋል፤ ቡቃያው የፍሬውን ያህል ሲረዝም ፀሐይ ላይ አስጥተው ያድርቁት። የደረቀውን ፍሬ በጥርስዎ ይሰንጥቁት፤ ፍርክስክስ ብሎ አፍዎ ውስጥ ጣፋጭ ከሆነ ደርሷል። እንደ ጥሬ ገብስ ድንጋይ ከሆነብዎት አልበቀለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ለዘር ተብሎ የሚሸጥ እህል ብዙ ጊዜ የተባይ ወይም የሻጋታ መድኃኒት የተቀባ ነው፤ ለብቅል ፈጽሞ አይሆንም። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ የታየበትን ብቅልም ለቅሜ አተርፈዋለሁ ብለው አይድከሙ፤ ይድፉት። ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመታጠብም በመፍላትም አይጠፋም።

ውጭ አገር ሆነው ከቢራ መጥመቂያ ዕቃ መሸጫ የሚገዙ ከሆነ ፈዛዛውን፣ ቀለል ተደርጎ የደረቀውን የገብስ ብቅል ይምረጡ። ጥቁሩና ካራሜል መሰሉ ብቅል በኃይለኛ ሙቀት ስለተቆላ ኢንዛይሙ ሞቷል፤ መልክ እንጂ ሥራ አይሰጥዎትም። በጣሳ የሚሸጠው የብቅል ማርም እንዲሁ ስኳር ነው እንጂ ቂጣዎን የሚቆራርጥ ኃይል የለውም።

የቢራ ጠማቂዎች «በከረጢት» የሚሉት አሠራር ለጠላ ይሆናል?

ይሆናል፤ ለሥራ ለሚሯሯጥ ሰውም ጥሩ ነው። የቢራ ጠማቂዎች ባህላዊ አሠራር ሦስት ዕቃ ይፈልጋል፦ አንዱ ውሃ ማሞቂያ፣ አንዱ ብቅሉ የሚዘፈዘፍበትና የሚጠልልበት፣ አንዱ መቀቀያ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የአውስትራሊያ የቤት ጠማቂዎች ይህን ወደ አንድ ድስት አወረዱት፤ እህሉን በትልቅ የጨርቅ ከረጢት አድርገው በሙቅ ውሃ ይነክሩታል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከረጢቱን አውጥተው ያንጠፈጥፉታል፣ ውሃው እዚያው ይቀራል። የእነሱም ክርክር ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ዕቃው ሲቀንስ ቢራው ይጎድላል ወይ የሚል። ጥሩ ቢራ በሁለቱም ይወጣል።

ለጠላ ስናመጣው እንዲህ ነው። እኩል በእኩል የተፈጨ ፈዛዛ ብቅልና የተቆላ የገብስ አሻሮ ከረጢት ውስጥ ይሁን። ውሃውን ወደ 70 ዲግሪ አሙቀው ይንከሩት፤ እህሉ ሲገባ ወደ 66 ይወርዳል። ድስቱን ከእሳት አውርደው በጋቢ ጠቅልለው አንድ ሰዓት ይተዉት። ከ75 ዲግሪ በላይ ካለፈ ኢንዛይሙ ይሞታልና ቴርሞሜትር ያስፈልግዎታል። ከረጢቱን ጨምቀው ሲያወጡት ውሃው ጣፋጭ ሆኖ ያገኙታል። በዚያ ላይ ጌሾውን ጨምረው ለ15 ደቂቃ ያፍሉት፣ በደንብ ያቀዝቅዙት፣ ከዚያ እርሾ ይጨምሩ። በዚህ አሠራር ከእህሉና ከጌሾው ጋር የመጣው እርሾ ሁሉ በእሳቱ ስለሚሞት ከውጭ መጨመር ግዴታ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ይበቃል።

የሚወጣው ጠላ ጠለል ያለ፣ ኮምጣጣነቱ ያነሰ፣ በአንድ ሳምንት ገደማ የሚደርስ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ለእኔ ከጠላነት ይልቅ ወደ ቢራ ያደላብኛል፤ ያ ለስላሳ ኮምጣጣነት የሚመጣው ከጥንስሱ ነውና። የፈላውን ካቀዘቀዙ በኋላ አስቀድመው የጠነሰሱትን አንድ ሊትር ጥንስስ ከዳቦው እርሾ ጋር ቢጨምሩበት ግን ወደ አገሩ ይመለሳል። ለሚቸኩል ሰው የምመክረው ይህን ድብልቅ ነው።

ጌሾ ባጣስ? በሆፕስ ልተካው?

ሆፕስ፣ ማለትም ቢራን የሚያመርረው የተክል አበባ፣ እንደ ጌሾ በቀዝቃዛ ውሃ መራራነቱን አይለቅም፤ መራራው ንጥረ ነገር እንዲወጣ አንድ ሰዓት ያህል መፍላት አለበት። ስለዚህ ጥንስስ ውስጥ ሆፕስ ቢጨምሩ ጠረን እንጂ እምብዛም ምሬት አያገኙም። በከረጢቱ አሠራር ግን ከብቅሉ ውሃ ጋር ማፍላት ይቻላል፤ የሚያገኙት መጠጥ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ጠላ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። የደረቀ ጌሾ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከአገር ቤት ሲመጣ በዛ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ሲገዙ በእጅዎ አሽተው ያሽትቱት፤ አረንጓዴነቱን ይዞ ምሬቱ ጉሮሮ የሚነካ ይሁን። ቡናማ ሆኖ ገለባ ገለባ የሚሸት ጌሾ አርጅቷል። ቅጠሉና እንጨቱ ሁለቱም ለጠላ ይሆናሉ፤ እንጨቱ ይበልጥ የጠጅ ነው።

ጠንከር እንዲል ስኳር ብጨምርበትስ?

አይጨምሩ። ስኳር አልኮሉን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነቱን ግን ያሳሳዋል፤ አፍ ላይ ውሃ ውሃ የሚልና ራስ የሚመታ መጠጥ ይሆናል። ጠንካራ ከፈለጉ መጨረሻ ላይ የሚሞሉትን ውሃ ይቀንሱ ወይም ብቅሉን ይጨምሩ።

ጋን ከሌለኝ፣ ጭስም ከሌለኝ ጠላው ምን ይጎድለዋል?

ጠረን ይጎድለዋል፤ ደኅንነት ግን አይጎድለውም። ባልዲ ለማጽዳት ከጋን ይቀላል፤ የተጫረ ባልዲ ግን በጭረቱ ውስጥ ተሕዋስ ስለሚደብቅ ይቀይሩት። ጭሱን ለሚናፍቅ ሰው የሚሆን ዘዴ አለ፦ የተቆራረሰውን ቂጣ በወንፊት ላይ ዘርግተው በወይራ እንጨት ጭስ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይያዙት። ጭሱ በቂጣው በኩል ጠላው ውስጥ ይገባል። አፓርታማ ውስጥ ከሆኑ ይህን ከቤት ውጭ ያድርጉት።

ሸክላ ጋን ያለው ሰው ደግሞ ይንከባከበው። በሳሙና አይጠብ፤ ሸክላው ሳሙናውን ጠጥቶ ለጠላው ይመልሰዋል። በሙቅ ውሃና በግራዋ ታጥቦ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ታጥኖ ይቀመጥ።

ጠላዬ ኮመጠጠብኝ። የት ጋር አጠፋሁ?

በመጀመሪያ የትኛው ኮምጣጣ እንደሆነ ይለዩ። ጠላ በተፈጥሮው እንደ እርጎ ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት አለው፤ ያ ከላክቲክ አሲዱ የመጣ ነው፣ ጤናማ ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ሰላጣ ላይ የሚፈስሰውን ኮምጣጤ የሚመስል ከሆነ ግን አየር ገብቷል። በእኔም ደርሶብኛል። ለማኅበር የጠመቅሁትን 20 ሊትር ውሃ ከሞላሁ በኋላ «አንዴ ልቅመስ» እያልኩ ለሦስት ቀን በየማታው ከፈትሁት። በአራተኛው ቀን ክዳኑን ሳነሣ ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። ማኅበርተኞቼ በዳቦና በውሃ ተመለሱ፤ ያን ዕለት የተሰማኝን እፍረት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ከሞላሁ በኋላ እስከሚጠልልበት ቀን እጄን አላስጠጋም።

ድፍድፉ ገና ወፍራም ሳለ ማማሰል ግን ችግር የለውም፤ በዚያ ጊዜ ጋዙ በብዛት ስለሚወጣ አየሩን ይገፋዋል። አደጋው የሚጀምረው መፍላቱ ሲበርድ ነው። የተጠለለውንም ቶሎ ይጠጡት፤ ወደ ጠርሙስ ከገለበጡት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ቡሽውንም አያጥብቁ። ያልጨረሰ ጠላ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ መፍላቱን ይቀጥላል፣ ብርጭቆውንም ሊያፈነዳው ይችላል።

የሻገተ፣ ወይም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ አይቅመሱት፤ ይድፉት።

የቤት ጠላ ስንት የአልኮል መጠን አለው?

የተለመደው ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ውሃ ያልበዛበትና በደንብ የተጣራው 5 ወይም 6 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሃይድሮሜትር፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካ መሣሪያ፣ የገዙ ሰዎች ቁጥሩ አልገጥም ይላቸዋል። መሣሪያው የሚሠራው ስኳሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ውሃው ውስጥ ሲኖር ነው። በጠላ ግን ስኳሩ የሚፈጠረው እየተበላ ስለሆነ የመነሻው ልክ አይያዝም። በከረጢቱ አሠራር ከጠመቁ ይለካልዎታል፤ በሌሎቹ ግን በግምት ይኑሩ፣ እንግዳዎም መኪና የሚነዳ ከሆነ በዚያው ልክ ይጠንቀቁለት።

ቅራሪ ከቀላሉ አሠራር ይወጣል?

ይወጣል። ካጠለሉ በኋላ በቀረው እህል ላይ 3 ሊትር ያህል ውሃ ጨምረው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ቀለል ያለ፣ ጥም የሚቆርጥ ይሆናል። አተላው ከብት ላለው ሰው ይሰጥ፤ ከብት በሌለበት ከተማ ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። በሕግ ይፈቀድልኛል?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለራስ መጠጫ በቤት መጥመቅን ፈቅዷል፤ ልኩ ለአንድ ሰው በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን ነው። መሸጥ አይፈቀድም። ክልሎቹ የራሳቸው ደንብ ስላላቸው የሚኖሩበትን ይመልከቱ። አረቄ ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ በቤት ማንጠር በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

በሳውዲ ዐረቢያና በኩዌት አልኮል መጥመቅ ክልክል ነው፤ ቅጣቱም እስራትና ከአገር መባረር ሊሆን ይችላል። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በዓል ሲመጣ ናፍቆቱ ይገባኛል፤ ግን እዚያ ሳላችሁ አትሞክሩት። ቅሪቦም ቢሆን ስኳርና እርሾ ገብቶበት ካደረ ጥቂት አልኮል ያወጣል። የተቆላ ገብስ አፍልቶ አጥልሎ በማር መጠጣት ከችግር ነጻ ነው፤ እርሾ ሳይገባበት፣ በዚያው ቀን ይጠጣ።

ከቀላሉ ወደ ባህላዊው መቼ ልሻገር?

ቀላሉን ሦስት ጊዜ ተከታትለው ሳይበላሽ ካወጡ በኋላ። ያኔም ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይለውጡ። በመጀመሪያ ቂጣውንና እንኩሮውን ይለያዩ፤ ቂጣው በገባ በሁለተኛው ቀን እንኩሮውን ለብቻው አምሰው ይጨምሩ፣ ልዩነቱን ይቅመሱ። በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃውን ወደ ሸክላ ይለውጡ። ጭሱን መጨረሻ ላይ ያምጡት፤ ጭስ ጥፋትን ስለሚሸፍን ቀድሞ ከመጣ ሌላው እንዴት እንደሆነ አይታወቅዎትም።

ለሰርግ ወይም ለትልቅ ድግስ ከሆነ ግን ባህላዊውን፣ ከሚያውቁ ሴቶች ጋር ሆነው ይያዙ፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩ። ጥንስሱ ሲዘገይ ድግሱን የሚያዘገይ የለም። ብቅሉን ከዚያም ቀደም ብለው ያድርቁት፤ ዝናብ በሚበዛበት ወር ከሆነ አንድ ሳምንት ይጨምሩለት።